ወደ ግድግዳ የሚጠጋ ባክቴሪያ ፈቃድ አለው?

ኢ. ኮላይ የተባለው ባክቴሪያ ርዝመቱ 2 ማይክሮሜትር ገደማ ነው፤ ጅራፍ መሰል ክሮቹን እያሾረ በሰከንድ ከ20 እስከ 30 ማይክሮሜትር ይዋኛል። ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው ደጋን፣ እዳሪ የነካው ውኃ በጀሪካን ቢቀመጥ፣ ዋናተኛው ባክቴሪያ ከጀሪካኑ ግድግዳ አጠገብ ይበዛል። በአጉሊ መነጽር ላየው መጠጊያ የሚፈልግ ይመስላል።

ለዚህን ያህል ትንሽ አካል ውኃ እንደ ማር ይወፍርበታል። የፊዚክስ ሊቁ ኤድዋርድ ፐርሰል እ.ኤ.አ. በ1976 ባቀረበው ንግግር እንዳስረዳው፣ ባክቴሪያ መቅዘፉን ሲያቆም ባለበት ቀጥ ይላል። ሲዋኝ ክሮቹ ውኃውን ወደ ኋላ፣ አካሉ ደግሞ ወደ ፊት ይገፋሉ፤ ክፍተቱን የሚሞላው ውኃ ከጎን ይመጣል። በአንድ በኩል ግድግዳ ሲኖር የዚያ ወገን ፍሰት ይገታል፤ ባክቴሪያውም ወደ ግድግዳው ይሳባል። ክሮቹና አካሉ በተቃራኒ አቅጣጫ ስለሚሽከረከሩ፣ ግድግዳው አጠገብ ክብ እየሠራ ይዞራል። ከውኃው ወገን ሲታይ ዙሩ በሰዓት ቆጣሪ አቅጣጫ ነው፤ ውኃና አየር በሚገናኙበት ገጽ ላይ ግን ይገለበጣል።

የሥነ ሕይወት ተመራማሪው ሎርድ ሮትሺልድም እ.ኤ.አ. በ1963 የኮርማ የዘር ሕዋስ በመስተዋት ገጽ አጠገብ እንደሚከማች አሳይቷል። መስተዋት ለዘር ሕዋስ የሚሰጠው አንዳች ጥቅም የለም። መጠጋት ብቻውን የፈቃድ ማስረጃ አይሆንም።

ከዚህ ተነሥቶ «የተፈጥሮ ሕግ ካለ ፈጣሪ አያስፈልግም» ማለት ግን ችኮላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1111 ያረፉት ኢማም ገዛሊ፣ እሳት ጥጥን ሲያቃጥል የሚታየው የነገሮች መከታተል እንጂ የእሳቱ የራሱ ኃይል አይደለም፤ አድራጊው አላህ ነው ብለው አስተምረዋል። የክርስትና ሊቁ ቶማስ አኩዊናስም ዕውቀት የሌለው ነገር ወደ ግብ ካመራ የሚመራው አዋቂ አለ ብሏል። ለሁለቱም የፍጥረት ሥርዓት የፈጣሪ ተቀናቃኝ አይደለም።

ፈቃድ የሚጠየቀው ከሚያውቅ ነው። የወሎ ሙስሊም ሥራ በኒያ (በልብ ሐሳብ) ይመዘናል ሲል፣ ክርስቲያኑም እግዚአብሔር ልብን ይመረምራል ይላል። ግድግዳ ላይ የተጣበቀ ባክቴሪያ የሚያጣብቅ ሽፋን ሠርቶ ከውኃ ማከሚያ መድኃኒት ሊከለል ይችላል፤ ይህን በማድረጉ ግን አይወቀስም። ጀሪካኑን ውስጡን ማጠብና ውኃውን ማፍላት እንደሚገባ እያወቀ፣ እየቻለም፣ ያልታከመ ውኃ ለልጅ የሚያጠጣ ሰው ግን ተጠያቂ ነው።