ባዶ እና ገና

ንባብ፦ የማርቆስ ወንጌል 8፥22-26



ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ራሴ ጥፋት ነው። ነገሩ የእኔ ብቻ ስላልሆነ ባለቤቶቹን አስፈቅጃለሁ። ስማቸውን አልጠራም፤ ጋሼ እና እትዬ ልበላቸው።

እትዬ የመቅኒ ካንሰር አለባቸው። ሐኪሞች ማይሎማ ይሉታል። ከአጥንት መቅኒ ተነስቶ አጥንትን ይቦረቡራል፣ ደም ያሳንሳል፣ ኩላሊትም ይጎዳል። መድኃኒት ያስተኛዋል፤ ብዙ ጊዜ ግን ጨርሶ አይነቅለውም። መድኃኒቱን ከጀመሩ ወራት ካለፉ በኋላ ሲቲ ስካን ታዘዘላቸው። ሙቭመንት ፓስ አውጥተን ከካኩማ በሎድዋርና በኪታሌ አድርገን ኤልዶሬት ሄድን። ጋሼ ከመጡ ገና ብዙ ስላልቆዩ ስዋሂሊ አይሰሙም። አስተርጓሚው እኔ ነበርኩ።

ዶክተሩ ፎቶውን አይቶ በስዋሂሊ ረጅም ነገር ተናገረ። በመሐል “ባዶ፣ ባዶ” አለ። እዚህ የከረመ ሰው ያውቃታል፤ በእነሱ ቋንቋ “ባዶ” ማለት “ገና” ማለት ነው። አዲስ ስንመጣ ሁላችንም ስቀንባታል። ጋሼ ግን ያቺን ቃል ብቻ ለቅመው እጄን ጭምቅ አደረጉኝ። “ባዶ ነው አለ? ምንም የለባትም አለ?” ዓይናቸው እንባ ሞላ። “አይ ጋሼ፣ ገና አልለየም ነው ያለው” ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን ፈገግ ብዬ ዝም አልኩ።

የዶክተሩ ነገር እንዲህ ነበር። በጎድናቸውና በጀርባ አጥንታቸው ላይ ቀዳዳዎች ይታያሉ። በሽታው አሁንም እየበላው ይሁን ወይስ በፊት በልቶ የተወው ጠባሳ ይሁን፣ ይህ ፎቶ ብቻውን አይለይም። በሽታው ቢተኛም ቀዳዳው ሳይሞላ ብዙ ጊዜ ሊቆይ ይችላል። በደማቸው የሚታየው የበሽታው ፕሮቲን ቀንሷል፣ ግን አልጠፋም። ስለዚህ ደምና ሽንት እየታየ፣ ከሦስት ወር በኋላ ፎቶው ተደግሞ ከአሁኑ ጋር ይተያያል። እስከዚያ መድኃኒቱ አይቋረጥም።

ምስጥ የበላውን የቤታችንን ቋሚ አስቡት። መድኃኒት ረጭታችሁ ምስጡ ቢሞት እንኳ ቀዳዳው አይደፈንም። ቀዳዳውን ብቻ አይቶ ምስጥ አለ የለም ማለት አይቻልም። አዲስ ብናኝ ይወርድ እንደሆነ ጠብቆ ማየት ነው። የደሙ ምርመራ ያቺን ብናኝ መፈለግ ነው።

እሑድ ጋሼ ለምስክርነት ቆሙ። “ባዶ ሆኗል!” አሉ። ቤቱ በእልልታ ተናወጠ። እኔ ከፊት ወንበር ተቀምጬ አጨበጨብኩ። ማክሰኞ ጋሼ መንገድ ላይ አገኙኝና፣ “ባዶ ከሆነማ ይህ ኪኒን ምን ያደርግላታል? ሆዷንም እያመማት ነው፣ ልታቆም ነው” አሉኝ። ጉልበቴ ከዳኝ። ዝምታዬ ሰው ሊገድል ነበር እኮ!

የዚያኑ ዕለት ማታ ቤታቸው ሄጄ ሁሉን ተናገርኩ። ጋሼ ብዙ ሰዓት መሬት መሬት አዩ። እትዬ ግን ቡናውን እየቀዱ እንዲህ አሉኝ፦ “እኔስ ጠርጥሬ ነበር። ወገቤ ይነግረኛል። እናንተ ደስ ሲላችሁ እንዳላበላሽባችሁ ብዬ ዝም አልኩ።”

ይህ ቃል እስከ ዛሬ ይወጋኛል። ላሳርፋቸው ብዬ ብቻቸውን ተውኳቸው። ሰው ሁሉ እልል ሲል እሳቸው ፍርሃታቸውን የሚያካፍሉት ሰው አጡ።

አሁን ጥያቄው እዚህ ላይ ነው። ያልታወቀውን “ገና አልታወቀም” ማለት አለማመን ነው ወይ? አንዳንዶቻችሁ “አንደበት ኃይል አለው፣ ክፉ አታውራ” ትሉኛላችሁ። በምሳሌ 18፥21 ሞትና ሕይወት በምላስ እንደሆኑ ተጽፏል፣ እውነት ነው። ግን ምላስ ያን ያህል ኃይል ካለው፣ ያላየነውን አየን ስንል የሚያደርሰውም ጉዳት ያን ያህል ነው። እኔ ሳልናገር እንኳ በአንድ ፈገግታ መድኃኒት ላስቆም ነበር።

ሌላው ደግሞ “ባህላችን ክፉ ወሬ ለሰው ፊት ለፊት አይነግርም” ይላል። እሱም እውነት ነው። መርዶ እንዴት እንደምንነግር ግን ልብ በሉ። ጊዜ እንመርጣለን፣ ሽማግሌ እንሰበስባለን፣ ጎረቤት እንጠራለን። የምናዘገየው ሰውዬው ሲሰማ የሚደግፈው እንዲኖር ነው። እኔ ያደረግሁት ግን ሌላ ነው። የፈራሁት ለጋሼ አልነበረም፤ ፊታቸው ሲጠቁር ማየት ስላልቻልኩ ለራሴ ነው።

አሁን ወደ ንባባችን እንምጣ። በቤተ ሳይዳ ጌታ ለዕውሩ ሰው እጁን ጫነበትና አንዳች ታያለህን ብሎ ጠየቀው። ሰውየው ግማሽ ብቻ ነው ያየው፤ ሰዎች እንደሚመላለሱ ዛፎች ሆነው ታዩት። እስቲ እናስብ፤ የዳሰሰው ጌታ ራሱ ነው። እኛ ብንሆን “አፈርን” ብለን “ጥርት ብሎ ይታየኛል!” እንል ነበር። እሱ ግን ያየውን ያህል ብቻ ተናገረ። ጌታም አልተቆጣውም፣ እምነትህ ጎደለ አላለውም። እንደገና እጁን ጫነበት። ያ ሰው ዋሽቶ ቢሆን ኖሮ ሰውን እንደ ዛፍ እያየ ቤቱ ይገባ ነበር ብዬ አስባለሁ።

ደግሞ ቁጥር 23ን እዩ። ጌታ ዕውሩን እጁን ይዞ ነው ከመንደር ያወጣው። ዓይኑ ሳይበራ፣ ምን እንደሚሆንም ሳያውቅ፣ እጁ ግን ተይዟል። ነገር ባልለየበት ጊዜ አንዱ ለሌላው ሊሰጥ የሚችለው ይኸው ነው፣ የሚይዝ እጅ።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ የታመመ ሰው ቤት ስንሄድ የታወቀውን የታወቀ፣ ያልታወቀውን ያልታወቀ እንበል። ምስክርነት አናጣድፍ። ጸለይን ብለን መድኃኒት አናስቁም። ለወገባቸው ብላችሁም ከሱቅ ዳይክሎፌናክ ገዝታችሁ አትውሰዱላቸው፤ ይህ በሽታ ባለበት ሰው ኩላሊት ሊጎዳ ይችላል። ይልቅ ውኃ ቅዱላቸው፣ ራሽን ተሰልፋችሁ ተቀበሉላቸው፣ “ፈርተዋል ወይ?” ብላችሁ ጠይቁና መልሱን ተቀምጣችሁ ስሙ።

ሦስት ወሩ ገና አልሞላም። እትዬ ኪኒናቸውን ይወስዳሉ። ጋሼ ባለፈው እሑድ እንደገና ቆሙ። “ያን ጊዜ ባዶ ያልኩት ገና ማለት ነው። ጸልዩልን” አሉ። እልልታ አልነበረም። ብዙ ሰው ግን ተነስቶ ሄዶ አጠገባቸው ቆመ።

ጌታ ሆይ፣ ያየነውን ያህል ብቻ እንድንናገር ድፍረት ስጠን። እስኪነጋልንም እጃችንን አትልቀቅ። አሜን።