የሐኪም መልክና የሐኪም እጅ
(2ኛ ነገሥት 5፥1-14)

ሶርያዊው ንዕማን ከለምጹ ይነጻ ዘንድ በመጣ ጊዜ ዮርዳኖስን ንቆ የአገሩን ወንዞች አከበረ። ፈውሱ ግን በናቀው ውኃ ነበረ።

ዛሬም ሕመምተኛ «ሐኪሜ ከዘሬ ይሁን» ቢል፥ እንደ ንዕማን ታብዮአል ብለን ፈጥነን አንፍረድበት። በአሜሪካ፥ በአላባማ፥ ተስኪጊ በሚባል ስፍራ፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1932 እስከ 1972 ዓ.ም. የመንግሥት ሐኪሞች ቂጥኝ የያዛቸውን 400 ያህል ጥቁር ሰዎች «እናክማችኋለን» እያሉ የደዌውን አካሄድ ብቻ ተመለከቱ። ፔኒሲሊን ፈዋሽ መሆኑ ከታወቀ በኋላ እንኳ ከለከሏቸው። እንግዲህ ይህ ፍርሃት ከትዕቢት ሳይሆን ከቁስል የመጣ ነው። ነገር ግን ይህንም አስተውሉ፤ እነዚያን ሕሙማን ለዓመታት ትከታተል የነበረችው ነርስ ከገዛ ዘራቸው ነበረች። የመልክ አንድነት ብቻውን አላዳናቸውም።

ሕመምተኛ ሆይ፥ ቋንቋህንና ኑሮህን የሚያውቅ ሐኪም ብትሻ ኃጢአት አይደለም፤ ምሕረት የሚያደርግልህን እጅ ግን ስለ ቀለሙ አትግፋ። ሐኪም ሆይ፥ «እመነኝ» ከማለትህ በፊት እውነቱን ንገረው። ደጉ ሳምራዊ የቆሰለውን ሲያነሣ ዘሩን አልጠየቀም፤ ቁስሉን አሰረለት እንጂ። ጌታችንም በዚህ መንገድ እንድንሄድ አዞናል። አሜን።