አንድ ጊዜ የተባለ ቃል

እግዚአብሔርን ደጋግሞ የሚጠራ ጽሑፍ ሁሉ የሃይማኖት ጽሑፍ ነው? ከሚሴ ውስጥ ታሪክ ሳስተምር ይህን ያነሳብኝ ከጨፋ በኩል በእግሩ የሚመላለስ አንድ ተማሪ ነው። ጥያቄውን የወለደው የቃላት ደመና ነበር።

የቃላት ደመና ማለት በአንድ ጽሑፍ ውስጥ ብዙ ጊዜ የተደጋገመው ቃል በትልቁ፣ አልፎ አልፎ የመጣው በትንሹ ተጽፎ፣ ሁሉም በአንድ ገጽ ላይ የሚበተንበት ሥዕል ነው። የአይቢኤም ባለሙያ የነበረው ጆናታን ፋይንበርግ በ2008 እ.ኤ.አ. «ወርድል» የተባለውን መሥሪያ ካወጣ ወዲህ፣ በየአገሩ ያሉ መምህራን የታሪክ ሰነድ ለማስተማር በቃላት ደመና ይጠቀማሉ። ረጅም ጽሑፍ የሚያስፈራው ልጅ በሥዕሉ ይደፋፈራል። እኛ ጋ ግን ሥራው የእጅ ነው፤ ተማሪዎች በቡድን ሆነው ይቆጥራሉ፣ በማርከር ትልቅ ወረቀት ላይ ይጽፋሉ።

ሰነዱ ዐፄ ምኒልክ በመስከረም 1888 ያስነገሩት የዓድዋ ዘመቻ የክተት አዋጅ ነበር። አጭር ስለሆነ በአንድ ክፍለ ጊዜ ተነብቦ ይቆጠራል። ወረቀቱ ሲሞላ «እግዚአብሔር» መሐሉን ያዘ። «አገር» ላይ ግን ቡድኖቹ ተለያዩ። አንዱ «አገር»፣ «አገሬን»፣ «ያገሬ» እያለ ለየብቻ ቆጠረ፤ ሌላው ሁሉንም ደመራቸው። ከአንድ አዋጅ ሁለት የማይመሳሰሉ ሥዕሎች ወጡ። ልጁ ሁለቱንም አየና «ቲቸር፣ ይሄ አዋጅ ነው ወይስ ስብከት?» አለኝ።

መቁጠር አድልዎ የሌለበት ሥራ ይመስላል። ነገር ግን ከመቁጠሩ በፊት አንድ ቃል የሚባለው የቱ እንደሆነ የሚወስን ሰው አለ። አማርኛ ደግሞ ባለቤቱን፣ ተቀባዩንና እንቢታውን በአንድ ቃል ውስጥ አጭቆ ይይዛል። አዋጁ ውስጥ «አልሰጠውም» የሚል አለ፤ ቃሉን ወደ ሥሩ መልሼ ልቁጠር ያለ ሰው ይህን እንቢታ «መስጠት» ብሎ ይመዘግበዋል። በክፍላችን የሚነገረው ኦሮምኛም በመጨረሻው ቅጥያ ይለዋወጣልና ከዚህ ጣጣ አያመልጥም። «ቀን» የሚለው ቃል ቁርኣን ውስጥ 365 ጊዜ ተጠቅሷል እያሉ የሚደነቁ ወንድሞች አሉኝ። ቁጥሩ የሚሞላው ግን ነጠላው ተቆጥሮ ብዙ ቁጥሩ ሲተው ነው። የቁርኣን ክብር እንዲህ ያለ ድጋፍ አያሻውም።

ድግግሞሽን ማቃለሌ ግን አይደለም። ከሶላት በኋላ «ሱብሃነላህ» 33 ጊዜ እንላለን፤ ኦርቶዶክስ ጎረቤቶቻችን እግዚኦታውን 41 ጊዜ ያደርሱታል። በወሎ መንዙማ ተቀባዩ አንዱን ስንኝ ደጋግሞ ይመልሳል። ይህ ሁሉ መደጋገም የሚሠራው በተናጋሪውና በሰሚው ልብ ላይ ነው፤ ሰሚው ያላወቀውን አዲስ ነገር ሊነግረው የታሰበ አይደለም። ስለዚህ ንጉሡ እግዚአብሔርን ደጋግመው መጥራታቸው በምን እንደተማመኑና የሰሚውን ልብ በምን ሊነኩ እንዳሰቡ ይነግረናል። ትልቅ ነገር ነው፤ ደመናውም ይህን በደንብ ያሳያል።

ሰውን ከቤቱ ያስነሳው ቃል ግን ሌላ ነው። አዋጁ የሸዋ ሰው እስከ ጥቅምት እኩሌታ ወረኢሉ ከትቶ እንዲገኝ ያዛል። ወረኢሉ ከእኛ በስተምዕራብ ደጋው ላይ ናት። ስሟ የተጠራው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ በተማሪዎቹ ወረቀት ላይም ጥግ ይዛ ለዓይን አልታይ ብላ ነበር። እሷ ባትጠራ ግን አዋጁ ጸሎትና ቁጣ ብቻ ሆኖ ይቀር ነበር። የት እና መቼ የሚለው አንዴ ከተነገረ ይበቃል፤ የሚደጋገመው ልብን የሚይዘው ነው።

በ1987 ሕገ መንግሥትም ያው ነው። በ106ቱ አንቀጾች ውስጥ ብሔር፣ ብሔረሰብና ሕዝብ ደጋግመው ስለሚነሱ ደመናውን ይሞሉታል። የከሚሴ ልጅ በኦሮምኛ እንዲማር መሠረት የሆነው የቋንቋዎች እኩልነት ግን ያለው በአንድ አጭር አንቀጽ፣ በአምስተኛው ነው።

ጨርሶ ያልተባለውስ? ሾንኬ ሄደው ቂርኣት የተማሩት አባቴ ስለ ሱረቱል ኢኽላስ ደጋግመው ያስረዱኝ ነበር። 4 አንቀጽ ብቻ ናት፤ በነቢዩ ሐዲስ ግን የቁርኣን ሲሶ ተብላለች። «ኢኽላስ» የሚለው ስሟ ራሱ በውስጧ የለም። በዕብራይስጡ መጽሐፈ አስቴርም የእግዚአብሔር ስም አንድ ጊዜ እንኳ አይጠራም፤ አማኙ ግን የአምላክን እጅ በየምዕራፉ ያያል። በሁለቱም ዘንድ ዋናው ነገር ቃሉ ሳይጠራ ይገኛል።

በታሪክ ዝምታ ግን አንዳንዴ ግፍ ነው። በ1870 በቦሩ ሜዳ ጉባኤ የወሎ ሙስሊም ሃይማኖቱን እንዲለውጥ ተወሰነበት። ኋላ ራስ ሚካኤል የተባሉት መሐመድ ዓሊ ክርስትና ተነሱ፤ ሼህ ጦልሃ ቢን ጃዕፈር ደግሞ እንቢ ብለው ተነሡ፣ በዐረብኛ ፊደል የተጻፈ አማርኛ መንዙማም ትተው አለፉ። ከቤተ መንግሥት ወረቀት ብቻ ደመና የሚሠራ ሰው የእሳቸውን ድምፅ አያገኝም። ከዚያ ጉባኤ በኋላ 18 ዓመት ሳይሞላ የራስ ሚካኤል የወሎ ፈረሰኛ ዓድዋ ዘመተ። በአንድ ሃይማኖት አንደበት ለተነገረ አዋጅ፣ ከዚያ ሃይማኖት ስም ጋር ቁስል ያለበት አገር መልስ ሰጠ። ይህን የሚያሳይ ቆጠራ የለም።

ለልጁ የሰጠሁት መልስ አዋጅ ነው የሚል ነው። ጽሑፍን አዋጅ ወይም ስብከት የሚያደርገው ሰሚውን ምን እንዲያደርግ መጠየቁ ነው፤ የእግዚአብሔር ስም በዚህ አዋጅ ውስጥ ምስክርና መተማመኛ ሆኖ ቆሟል።

እናንተ መምህራን፣ ደመናውን አትተዉት፤ ለመጀመሪያ ሩብ ሰዓት ይጠቅማችኋል። ከዚያ ግን ሰነዱን ድምፅ አውጥታችሁ አስነብቡ። አንድ ጊዜ ብቻ ከተባሉት ቃላት ነገሩን ያንቀሳቀሰው የትኛው እንደሆነ አስፈልጉ። ስሙ መጠራት ሲገባው ያልተጠራው ማን እንደሆነም ጠይቁ። ማርክ ስትሰጡም በትክክል ለቆጠረው ሳይሆን ይህን ላገኘው ስጡ።