አንድ ማርክ ያለው ጥያቄ

እንደ እኔ ወለጋ፣ ቢላ ላይ ታሪክ የሚያስተምር ሰው በየዓመቱ የሚያርመው አንድ ጥያቄ አለ፦ «ኢትዮጵያ በቅኝ ግዛት ተይዛ አታውቅም፤ እውነት ወይስ ሐሰት?» መልሱ «እውነት» ነው፤ አንድ ማርክ። አንዲት የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ይህቺን ማርክ አግኝታ ሳለ ወረቀቷን ይዛ ቢሮዬ መጣች። «ባርሲሳ (መምህር)፣ አያቴ የነገረችኝን እያወቅሁ እንዲህ ብዬ ጽፌ ማርኩን ስወስድ በሐሰት መመስከር አይሆንብኝም?»

የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ልጅ ናት፤ ትእዛዛቱን በቃሏ ይዛለች። አያቷ የገባር ዘመን ያየች ናት፦ እህሉ ሲሰፈር፣ ማሩ በገንቦ ተሸክመውት ሲሄዱ፣ አባቷ የሰው አጥር ሲያጥር። የዚያ ሁሉ ርዝራዥ የሆነው ጭሰኝነት በሕግ የቀረው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በታወጀው የመሬት አዋጅ ነው።

ባልደረቦቼ «ፈተና ፍርድ ቤት አይደለም፤ መጽሐፉ ያለውን ጻፊ» ይሏት ነበር። ግማሽ እውነት አለው። ሐሰት የሚሆነው ሰሚውን ለማሳሳት የተነገረ ነው፤ ሰሚዋ እኔ ደግሞ አልተሳሳትኩም። ነገር ግን የሚጻፈውና ቤት ውስጥ የሚወራው ለየቅል መሆኑን እየለመደ ያደገ ልጅ መጨረሻ ላይ ሁለቱንም አያምንም።

«ሐሰት» ብትልስ? እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚከብደው። ነቀምት ሄዶ የኩምሳ ሞረዳን ቤተ መንግሥት ያየ ሰው ይረዳኛል። የኩምሳ አባት፣ የነቀምት አካባቢ የሌቃ ገዥ ሞረዳ በከሬ፣ በ1882 (እ.ኤ.አ.) ሸዋ ጎጃምን ካሸነፈበት ከእምባቦ ጦርነት በኋላ ለምኒልክ ገበሩ፤ በዚህም የሌቃን የውስጥ አስተዳደር ይዘው ቀሩ፤ ወርቅና የዝሆን ጥርስ ይልኩ ነበር። ልጃቸው ኩምሳ ተጠምቀው ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር ተባሉ። ግብሩ ወደ ሸዋ ይሂድ እንጂ ከገበሬው ደጅ የሚሰበስበው ብዙ ጊዜ የአገሩ ሰው ነበር። ነገሩን ቅኝ ግዛት የሚሉት ምሁራን አሉ፤ አገር ግንባታ የሚሉትም አሉ። ሁለቱም ወገን ምስክር አያጣም።

ኦኔሲሞስ ነሲብን ደግሞ አስቡት። ከኢሉባቦር ሁሩሙ አካባቢ በልጅነቱ ተነጥቆ ለባርነት ተሸጠ፤ በ1870 ምጽዋ ላይ ነፃ ወጣ፤ በ1899 መጽሐፍ ቅዱስን በኦሮምኛ አሳተመ፤ በ1904 ነቀምት ገባ (ሁሉም እ.ኤ.አ.)። ሲሸጥ የምኒልክ ጦር እዚያ አልደረሰም፤ ጣሊያንም አልመጣም። ታዲያ ማን ሸጠው?

ተማሪዎቼ ሮዛ ፓርክስ አላባማ ውስጥ የአውቶቡስ መቀመጫዋን አልለቅም ያለችበትን ቀን፣ ታኅሣሥ 1 ቀን 1955 (እ.ኤ.አ.)፣ አይስቱም። ያላዩትን የአፈወርቅ ተክሌን የአፍሪካ አዳራሽ የመስተዋት ሥዕል ስንት ክፍል እንደሆነ ይነግሯችኋል። «ወለጋ ውስጥ ባሪያ የነበረው ማን ነው?» ስል ግን ክፍሉ ጭጭ ይላል። ባርነት በሕግ ከተሻረበት ከ1934 ዓ.ም. ወዲህ ስንት ዘመን አልፏል፤ ዛሬም ለጋብቻ ሲሆን ዘር በሹክሹክታ የሚጠየቅበት ቤት አለ። ልጆቹ አላባማን የሚወዱት ሩቅ ስለሆነ ይመስለኛል።

ስለዚህ ለልጅቷ ያልኳት ይህን ነው፦ ምስክር ሐሰተኛ የሚሆነው ያላየውን ሲናገር ብቻ አይደለም፤ ያየውን ግማሹን ተናግሮ ሲያቆምም ነው። መጽሐፉ ግማሽ ላይ ቆሟል፤ አንቺም እንዳትቆሚ። አያትሽን አባቷ ማሩን ለማን እንዳስረከበ ጠይቂያት።

ጠይቃ መጣች። ጭቃ ሹሙ የራሳቸው ጎሳ ሰው ኖሯል። ደስ አላላትም፤ ከዚያ በላይ ያለውን፣ ከጭቃ ሹሙ ማን ይቀበል እንደነበር፣ ገና እየጠየቀች ነው።

ፈተና የምታወጡ ባልደረቦቼ፣ ይህን ጥያቄ ከ«እውነት ወይም ሐሰት» ዝርዝር አውጡልን። አምስት ማርክ ስጡትና «ማን፣ ከማን፣ ምን ወሰደ? እንዴት አወቅህ?» ብላችሁ ጠይቁ። ማረሙ ያደክማል፤ እኔ ለማረም ዝግጁ ነኝ።