ገደሉን ማን ያየዋል?

ባለፈው ሰሞን በመኝታ ክፍላችን አንድ ክርክር ተነሥቶ እስከ እኩለ ሌሊት እንቅልፍ ነሣን። አንዱ ጓደኛችን፣ «ውበት የጠገበ ሰው ነገር ነው፤ ገበሬ ተራራ ሲያይ የሚታየው ድካሙ ብቻ ነው» አለ። ሌላው፣ «እንዴ! ታዲያ ያን ሁሉ እንጉርጉሮ ማን አወጣው?» ብሎ ተነሣበት። እኔ ዝም አልኩ። ዝም ያልኩት ሐሳብ አጥቼ አይደለም፤ ሰሜን ተራሮች ላይ ያየኋቸው አንድ ሰው ትዝ ብለውኝ ነው። ያን ሌሊት ያልተናገርኩትን እዚህ ልጻፈው።

ነገሩ የሆነው በ2011 ዓ.ም. ነው፤ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ከትምህርት ቤታችን ክበብ ጋር ከጎንደር ተነሥተን መቶ ኪሎ ሜትር ያህል በመኪና ተጉዘን ደባርቅ ገባን። ከዚያም ከሳንቃበር በግጭ በኩል እስከ ጨነቅ ሦስት ቀን በእግራችን ሄድን። ጠመንጃ ያነገተ ስካውት ከፊት፣ ጓዛችንን የጫኑ በቅሎዎች ከኋላ። መንገዱን ላላየ ሰው መግለጽ ያስቸግራል። የገደሉን ጠርዝ ይዞ ነው የሚሄደው። በአንድ ወገን አስታና ጓሳ ነው፤ በሌላው ወገን ምንም የለም፣ አየር ነው። ጭላዳዎቹ መሬት ላይ ተቀምጠው ሣር ይነጫሉ፤ ሰው በአጠገባቸው ቢያልፍ ቀና ብለውም አያዩ።

ጅንባር ፏፏቴ ከሚታይበት ጫፍ ስንደርስ ሁላችንም ፈዝዘን ቀረን፤ ከክፍላችን ወሬኛ የሚባለው ልጅ ሳይቀር። እኔ ታዲያ ዘወር ብዬ የበቅሎዎቹን ባለቤት፣ ዕድሜያቸው የገፋ ሰው ናቸው፣ «አባባ፣ አያምርም?» አልኳቸው። እሳቸውም የበቅሎዋን መቀነት እያጠበቁ፣ «ገደል ምን ማማር አለው ልጄ? ከብት ይበላል እንጂ» አሉኝ። ሳቅን። በልቤም፣ ምስኪን፣ እዚሁ ተወልደው አያዩትም አልኩ።

ዩኒቨርሲቲ ገብቼ መጽሐፍ ማገላበጥ ስጀምር ይህ አስተያየቴ ታላላቅ ዘመዶች እንዳሉት ደረስኩበት። ፔትራርክ የተባለው የኢጣልያ ባለቅኔ እ.ኤ.አ. በ1336 ፈረንሳይ ውስጥ ቫንቱ የሚባለውን ተራራ ወጣ። የወጣው ከፍታውን ለማየት ብቻ መሆኑን ራሱ ጽፏል። ተራራው ሥር አንድ ሽማግሌ እረኛ አግኝቶ፣ እኔም ከሃምሳ ዓመት በፊት ወጥቼ ከድካምና ከተቀደደ ልብስ በቀር ያተረፍኩት የለም፣ ይቅርብህ ብሎ መከረው። ፔትራርክ አልሰማውም። ካንትም እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው መጽሐፉ አንድ የሳቮይ ገበሬ ያነሣል፤ ገበሬው የበረዶ ተራራ ወዳዶችን ሁሉ ያለ ማመንታት ሞኞች ይላቸዋል። ካንት ሰውየውን አስተዋይ ነው ይለዋል። ይሁን እንጂ የተራራን ግርማ ለመቅመስ አእምሮ አስቀድሞ መታረስ አለበት፣ ላልታረሰው ግን ያው ነገር አስፈሪ ብቻ ነው ባይ ነው። እንግዲህ የእኔ «ምስኪን» ከካንት ጋር ገጠመች ማለት ነው! ደስ ሊለኝ በተገባ ነበር። ደስ ያላለኝ በማግስቱ ባየሁት ነገር ነው።

ከጅንባር ወንዝ ተሻግረን አቀበቱን ስንጨርስ ሰፊ ሜዳ ገጠመን። ሣር ነው፣ አልፎ አልፎ የድንጋይ ክምር። ሰውየው ቆሙ። በቅሎዎቹም እንደ ለመዱት ቆሙ። «ቤቴ ይኸ ነበር» አሉ። ከዚያ ወደ ሜዳው እያመለከቱ፣ «ከዚህ እስከዚያ ገብስ ነው። ነፋስ ሲነካው ብታይ ልጄ፣ እንዲህ…» አሉና እጃቸውን ዘርግተው ወዲያና ወዲህ አወዛወዙት። ቃል አጠራቸው እንጂ ዓይናቸው ያየ ነበር። እኔ ከአንድ ቀን በፊት አያዩም ያልኳቸው ሰው!

የግጭ መንደር ታሪክ በአጭሩ ይህ ነው። አካባቢው በ1962 ዓ.ም. ብሔራዊ ፓርክ ሆነ። በ1970 ዓ.ም. ዩኔስኮ የመጀመሪያዎቹን 12 የዓለም ቅርሶች ሲመዘግብ ከላሊበላ ጋር ተመዘገበ። በ1989 ዓ.ም. እርሻና ግጦሽ እየተስፋፋ ዋልያም እየተመናመነ በመሄዱ በአደጋ ላይ ካሉት መዝገብ ገባ። በ2008 ዓ.ም. ከ400 የሚበልጡ የግጭ ቤተሰቦች ካሣ ተከፍሏቸው ወደ ደባርቅ ተዛወሩ። በዓመቱ፣ በ2009 ዓ.ም.፣ ሰሜን ከአደጋው መዝገብ ወጣ።

መንግሥትን ለመክሰስ አይደለም ይህን የምጽፈው። ዋልያ ከሰሜን ተራሮች በቀር በዓለም ላይ የትም የለም፤ እዚያ ከጠፋ ጠፋ ነው። ሜዳውም ያን ሁሉ ከብት አይችልም ነበር። ይህን የሚክድ ሰው ካለ ሄዶ ይየው። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው። አንድ ነገር ትክክል ሆኖ ሳለ ዕዳ ሊያስቀር ይችላል ወይ? ለክፍል ጓደኞቼ ይህን ሳነሣ፣ «ካሣ ተከፍሏቸው የለ እንዴ?» ይሉኛል። ተከፍሏቸዋል። ግን የተከፈለው ለቤቱና ለእርሻው ነው። ያ የእጅ ውዝወዛ ስንት ብር ተገመተ? ይህን የሚገምት ኮሚቴ ሊኖር አይችልም፤ ስለዚህ ዕዳው ባለዕዳ አጥቶ ሜዳው ላይ ቀርቷል። እኔ እንደሚመስለኝ ባለዕዳው ተመልካቹ ነው፤ ያ የጸዳ ሜዳ የተዘጋጀው ለዋልያው ብቻ ሳይሆን ለእሱም ዓይን ነውና።

ቢያንስ ግን አለመዋሸት አለበት። «የሰው እጅ ያልነካው ምድር» የሚሉት አነጋገር ውሸት ነው። የሄድንበትን መንገድ ማን አወጣው? ለእኛ እይታ ተብሎ የተቆረጠ መስሎን ነበር። የወፍጮና የገበያ መንገድ ነው፤ የሰውና የአህያ ኮቴ ሲመላለስበት የጠረገው። እኛ የምንደሰትበት ጠመዝማዛው እንኳ ጭነት የከበዳት በቅሎ መርጣ ያወጣችው ነው።

ነገር ግን ራሴን ንጹሕ አላደርግም። በሦስተኛው ቀን እሜት ጎጎ ላይ ወጣን፤ 3,926 ሜትር ነው። ሰውየው በቅሎዎቹን ለልጃቸው ትተው አብረውን መጥተው ነበር። ከሥራችን ቆላው አምባ በአምባ ላይ ተደራርቦ ይታያል። የግጭን ነገር ሁሉ ረሳሁት፤ አማረኝ፣ አለቀስኩ ማለት ይቻላል። ጫፉ ላይ ቆመው ስለነበር፣ «አባባ፣ ለፎቶ ነው፣ ትንሽ ዘወር ይበሉልን» አልኳቸው። ምንም ሳይሉ ዘወር አሉ። ፎቶውን ያኔ ለስንቱ አሳየሁ!

ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ጦርነቱ መጣና ተጓዥ ተመናመነ። ገብሱን ትቶ ከተማ የገባ፣ በእኛ ጓዝ የሚተዳደር ሰው፣ እኛ ስንቀር ምን ይጭናል? ወደ ሜዳው እንዳይመለስ ሜዳው የዋልያ ነው። ያን ሌሊት ለጓደኞቼ ልነግራቸው የፈለግሁት ይህን ነበር። ፎቶውን ከስልኬ አውጥቼ ላሳያቸው ብዬ ነበር፤ መልሼ ከተትኩት።