የመንግሥት ገንዘብና የመስጂድ ድስት

 

ወጣቶች ደጋግመው የሚጠይቁኝ ጥያቄ አለ፦ መስጂድ ወይም የሙስሊሞች የበጎ አድራጎት ማኅበር ድሆችን ለማብላት ከመንግሥት ገንዘብ ቢቀበል ችግር አለው?

ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት አሜሪካ ጉዳዩ በደንብ ተጽፏል። ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ በ2001 (እ.ኤ.አ.) ለሃይማኖት ድርጅቶች በዋይት ሐውስ ቢሮ ከፈቱ፤ ኦባማም በ2009 ስሙን ለውጠው አስቀጠሉት። መንግሥት በቀጥታ በሚሰጠው ገንዘብ ማብላትና ማስጠለል ይቻላል፣ መስበክ ግን አይቻልም። ተረጂም በሃይማኖቱ ምክንያት አይመለስም።

«ዲናችንን ደብቁ እያሉን ነው» የሚል ወንድም አይጠፋም። እኔ አይመስለኝም። የተራበን ሰው ከምሳው በፊት ደርስ እንዲሰማ ካስገደድነው ምግቡን ሸጥንለት እንጂ ሶደቃ አልሰጠነውም። ዑመር (ረ.ዐ) የሚለምን አይሁዳዊ ሽማግሌ አግኝተው ከበይቱል ማል እንዲሰጠው ማዘዛቸውን አቡ ዩሱፍ ዘግበዋል፤ መጀመሪያ ስለም አላሉትም። ነቢዩም (ሶ.ዐ.ወ) ከነቢይነት በፊት ለተበደለ ለመቆም በተገባው ቃል ኪዳን፣ በሒልፉል ፉዱል፣ ተገኝተዋል፤ በእስልምና ዘመንም ቢጠሩበት እሺ እንደሚሉ ተናግረዋል። ለድሃ ሲባል ከሌላው ጋር መሥራት እንግዳ ነገር አይደለም።

እኔን የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። ሰጪው ባለሥልጣን ሲሆን የተቀባዩ አንደበት ቀስ እያለ ይለሰልሳል። «ዝም በሉ» ብሎ ደብዳቤ የሚጽፍ የለም። የሚቀጥለው ዓመት በጀት ትዝ ይላል፣ ስለ ግፍ ሊነገር የታሰበው ኹጥባ ስለ ወላጅ ሐቅ ይሆናል። (ስለ ወላጅ ሐቅ መናገር መልካም ነው፤ ሸሽተን ስንገባበት ነው ችግሩ።) ይህን የሚከለክል ደንብ የትም አገር አይጻፍም።

ኢማሙ አቡ ሐኒፋ የቃዲነት ሹመት አልቀበልም ብለው ታስረዋል። ተማሪያቸው አቡ ዩሱፍ ግን በሃሩን አል-ረሺድ ዘመን ዋና ቃዲ ሆኑ፤ ስለ ግብርና ስለ ፍትሕም ለኸሊፋው በመጽሐፍ መከሩ። ሁለቱም ኢማሞቻችን ናቸው፣ ስለዚህ መግባትም መራቅም በራሱ ኃጢአት አይደለም። ነገር ግን አቡ ሐኒፋ የጨርቅ ነጋዴ እንደነበሩ አንርሳ። «አልፈልግም» ማለት የራሱ ገቢ ላለው ሰው ይቀላል። ወቅፍም አንዱ ጥቅሙ ይኸው ነው።

በማኅበራችሁ ስብሰባ የውል ጉዳይ ሲነሳ ይህን ጠይቁ፦ ገንዘቡ ነገ ቢቋረጥ ስንት ሰው ማብላት እንቀጥላለን? መልሱ «ማንንም» ከሆነ፣ ፊርማው ትንሽ ይቆይና የአባላቱ ወርሃዊ ሶደቃ ይመዝገብ። ሃምሳ ብርም ቢሆን።