ባለመስታወቱ በረንዳ

ከከሚሴ ወጣ ብሎ፣ ጨፋን ቁልቁል በሚያይ ጉብታ ላይ አንድ ሰውዬ ይኖር ነበር አሉ። ቤቱ የእንጨትና የጭቃ፣ ክዳኑ ቆርቆሮ፣ ፊቱ ሰፊ በረንዳ። በረንዳው ግድግዳ የለው፣ መዝጊያ የለው። ያለው አንድ የጭቃ መደብ፣ በመደቡ ላይ ሰሌን፣ ከሰሌኑ አጠገብ የውሃ እንስራ ነው። በጋ ገብቶ የሌላው አገር ሳር ሲያር፣ ጨፋ በቦርከና ውሃ ረስርሶ አረንጓዴ ሆኖ ይቆያልና አፋሩም ኦሮሞውም አርጎባውም ከብቱን እየነዳ ይመጣል። የሚመጣው ሁሉ በዚያ በረንዳ ሥር ያልፋል። ያለፈው ሰላም ይላል፤ ሰላም ያለው ውሃ ይቀምሳል፤ ውሃ የቀመሰው ቡና ይደርስበታል። ሰውዬው የባቲን ገበያ ዋጋ፣ የዝናቡን ነገር፣ የጠፋችውን ጊደር ወሬ ከመደቡ ሳይነሣ ይሰማ ነበር።

አንዲት ልጅ ነበረችው። እንደ ብዙው ያገሯ ልጅ ሪያድ ሄደች፣ ሰው ቤት ገባች። መጀመሪያ ብር ላከች፤ ቆርቆሮው ታደሰ። ደግማ ላከች፤ ላም ተገዛ። በሦስተኛው ከብሩ ጋር ፎቶ ላከች። ከወለል እስከ ጣሪያ መስታወት የሆነ ክፍል፣ ከመስታወቱ ማዶ ተምርና የተከረከመ ሣር፣ ልጅቱ ጥጉ ላይ ቆማ ትስቃለች። ሰውዬው ልጁን አየና ደስ አለው። ቀጥሎ መስታወቱን አየ። ከዚያ ወዲያ ልጁን አላያትም።

«ይኸ ነው የሚያስፈልገን» አለ።

«ለምኑ?» አለች ሚስቱ።

«ጨፋን ቁጭ ብለን እንድናይበት።»

«አሁንስ ቆመን ነው የምናየው? ይልቅ ብሩ ካለ አንቱ፣ የሽቦ ወንፊት አስመቱልኝ። ከረግረጉ የሚነሣው ቢንቢ የልጅ ልጆቹን ፈጃቸው። ዐምና ወባ ስንቱን እንዳስተኛ ረሳችሁት?»

«ወንፊት ማንም ያስመታል» አለ ሰውዬው፤ ነገሩ በዚያው ተዘጋ።

ከደሴ የአሉሚኒየም ሠራተኛ አስጠራ። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር፣ ከሚሴ ወደ 1,400 ሜትር ከፍታ ላይ ናቸውና ሠራተኛው ኮቱን በክንዱ ይዞ፣ ላቡን እየጠረገ ደረሰ። ሜትሩን ዘረጋ፣ ለካ፣ ፀሐይዋ በየት ወጥታ በየት እንደምትገባ ጠየቀ። ከዚያ ራሱን ነቀነቀ።

«አባቴ፣ ይኸን ደሴ ላይ ብሠራልዎ ይመርቁኝ ነበር። እኛ ጠዋት ጋቢ ደርበን ነው የምንቀመጠው፤ መስታወቱ ያቺን ያለችውን ፀሐይ ይሰበስብልናል። እዚህ ፀሐይ መቼ ጠፋና ነው የሚሰበሰበው?»

«ሪያድስ ፀሐይ የለም?»

«አለ። ማቀዝቀዣም አለ። መብራትም እንደኛ አይጠፋም።»

«ሥራ ብዬ ጠራሁህ እንጂ ምከረኝ አልኩህ?»

ሠራተኛው ዝም አለ። የፍሬሙን አገጣጠም ለማየት ስልኩን ተቀበለ፤ ፎቶውን በሁለት ጣቱ ከፈት አድርጎ አጎላው። ላይ ላዩን አየ፣ ታች ታቹን አየ፣ ጥጉ ላይ ሲደርስ ቆየ።

«ልጅዎ በእጇ የያዘችው ምንድን ነው?»

«ሻሿ ይሆናል።»

«ይሆናል» አለና ስልኩን መለሰ።

መደቡ ፈረሰ፤ ሴራሚክ ተነጠፈ። ባለ ስድስት ሚሊ መስታወት፣ ሃያ አራት ፍሬ፣ በነጭ አሉሚኒየም ተይዞ፣ ዳር ዳሩ በሲሊኮን ታሽጎ ቆመ። በግ ታረደ፣ ዱዓ ተደረገ። ማሻ አላህ ያላለ የለም። አንድ ሽማግሌ ብቻ መስታወቱ ክፍት በር መስሎት ሲገባ ግንባሩን ተመታ። ሰው ሳቀ፣ እሱም ሳቀ፤ ሁለተኛ ግን ያንን ደጃፍ አልረገጠም።

ምርቃቱ በጥር ነበር፤ ሚያዝያ መጣ። ብርሃኑ በመስታወቱ ሰተት ብሎ ይገባል፤ ሴራሚኩንና ወንበሩን ያግላል። የጋለው ሴራሚክ መልሶ የሚተነፍሰውን ሙቀት ግን ያው መስታወት አላሳልፍም ይላል። ገቢ ብቻ፣ ወጪ የሌለው። ሰውዬው መጋረጃ ገዛ። መጋረጃው ሲዘጋ ጨፋ ጠፋ፤ መጋረጃው ሲከፈት ሰውዬው ጠፋ። በመጨረሻ ኩርሲውን ይዞ ጓሮ፣ ግራሩ ጥላ ሥር ዞረ። ከብት ነጂዎቹ በፊት ለፊት ሲያልፉ ውስጥ ሰው ይኑር አይኑር አያውቁም። የሚታያቸው የገዛ መልካቸው ነው፤ ለገዛ መልክ ደግሞ ሰላም አይባልም። ዝም ብለው አለፉ።

ዝም ብሎ ያላለፈ የጎረቤት ወጠጤ ብቻ ነው። ከመስታወቱ ውስጥ ሌላ ወጠጤ ቆሞ ሲያፈጥበት አየ፤ አፈገፈገ፣ ቀንዱን ደቀነ፣ ከታችኛው ተርታ አንዱን መስታወት አራገፈው። ሽማግሌ ተቀመጠ። የፍየሉ ባለቤት «ፍየሌ በዚህ ደጅ ስንት ዘመን ሲያልፍ ማንንም ነክቶ አያውቅም፤ የተነኮሰው መስታወቱ ነው» ብሎ ተከራከረ። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩና ካሳውን በግማሽ ቆረጡት፤ የተሰበረውም ተተካ።

ከዚያ አቧራው አለ። ከላይ ከአስፋልቱ መኪና ያስነሣዋል፣ ከታች ከብቱ ያስነሣዋል። መስታወቱ የግድግዳውን ቀለም ያዘ። ሚስቱን ቢያያት «እኔ ሃያ አራት ፊት አላጥብም፤ የራሴን አንድ ፊት አጥቤ ለሶላት ከደረስኩ ይበቃኛል» አለችው።

ልጅቱ ለኢድ ፈቃድ አግኝታ መጣች። ዘመድ ተሰበሰበ፤ ተላቀሱ፣ ተሳሳሙ። በረንዳው ፊት ስትደርስ ቀጥ አለች። አባቷ ምን ትል ይሆን ብሎ አፏን ያያል። ምንም አላለች። ሻንጣዋን አስቀመጠች፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች፣ ባልዲ ፈለገች።

ጨርቁን አራት አጠፈችው። ከላይ ጀመረች። ከግራ ወደ ቀኝ አንድ መስመር፣ ጨርቁን ወደ ንጹሕ ገጹ ገልበጥ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ሌላ መስመር፣ እንደገና ገልበጥ። አንዱ ሲያልቅ አንገቷን ዘንበል አድርጋ በብርሃን ትይዩ አየችው። ጥጉ ላይ አንዲት የውሃ መስመር ቀርታለች፤ ጨርቁን በጥፍሯ ደግፋ አወጣቻት። ወደ ሁለተኛው አለፈች። ወደ ሦስተኛው። ቡናው ወረደ፣ ፈንዲሻው ተበተነ፣ ዘመድ ይጠብቃል።

«ተይ እንጂ ልጄ፣ የዛሬ እንግዳ ነሽ!»

«ጨረስኩ አባ፤ ካደረ ይደርቅና ነገ ይብሳል» አለች፤ ዐይኗን ከመስታወቱ አላነሣችም።

ሰባተኛው ላይ እጇ ቆመ። ዞር ብላ የተቀመጠውን ሰው አየች። የት እንዳለች አሁን ትዝ ያላት ትመስላለች። አፍራ ሳቀች።

ያን ሌሊት ሰውዬው ስልኩን አወጣ። የደሴው ሠራተኛ ሲያደርግ እንዳየው ሁለት ጣቱን ፎቶው ላይ አድርጎ ከፈተ። ሻሽ አልነበረም።

የሱብሒ አዛን ሳይሰማ ተነሣ። አሮጌ ሽርጡን ቀደደ፣ አራት አጠፈው፣ ባልዲ ሞላ። ዕድሜውን ሙሉ ሞፈር ይዞ፣ በትር ይዞ፣ ሙሰብሐ ይዞ ያውቃል፤ ጨርቅ ይዞ አያውቅም። ቢሆንም ልጁን አይቷታልና ከላይ ጀመረ፤ አንድ መስመር፣ ገልበጥ፣ አንድ መስመር፣ ገልበጥ። ጎረቤት ለሶላት ሲወጣ በጨለማው የመስታወት ሲጥሲጥታ ሰማ፤ ሌባ መስሎት ሊጮህ ቃጥቶ በሳሉ ለየው።

ልጅቱ ስትነሣ መስታወቱ ጠርቷል።

«ማን ጠረገው?»

«ሌሊት ዝናብ ጥሎ ነበር» አለ አባቷ።

ሰማዩ ከሳምንት ወዲህ ደመና አልቋጠረም። እናትየዋ ሰማች፤ ቡናዋን ቆላች፤ ምንም አልተነፈሰችም። በማግስቱም ዝናቡ ጣለ። በሠልስቱ ግን ሰውዬው ከውስጥ በኩልም መጥረግ እንዳለበት ገባው፤ ሃያ አራት መስታወት አርባ ስምንት ፊት አለው። ትከሻው እምቢ አለ። ባልዲው ላይ ቁጭ እንዳለ ልጅቱ ወጥታ አገኘችው። ጨርቁን ከእጁ ልትወስድ ብትል አልለቅ አለ።

«እዚያስ ስንት ነው?» አላት።

«ቆጥሬው አላውቅም አባ።»

ደሴ ደወለ። «ናና ንቀልልኝ» አለ።

«አባቴ፣ በልክ የተቆረጠ መስታወት ገዢ አያገኝም።»

«ገዢ አምጣልኝ አልኩህ?»

ተነቀለ። በየፍሬሙ የሽቦ ወንፊት ተመታበት። ነፋሱ ገባ፣ ቢንቢው ቀረ። ከውስጥ የተቀመጠ ሰው ከውጭ ይታይ ጀመርና ከብት ነጂው ቆሞ ሰላም አለ። መስታወቶቹን ሚስትየዋ ወሰደቻቸው፤ ጓሮ ውስጥ ዝቅ ያለ የሳንቃ ሣጥን አሠርታ በላዩ ደርድራ በርበሬዋን አሰጣችበት። አቧራ ሳይነካው፣ ዶሮ ሳይጭረው ቶሎ ደረቀ። አሁን የሰፈሩ ሴቶች በተራ ያሰጡበታል። ሰውዬው እዚያ ሲያልፍ ያስነጥሳል።

ተረቱ እዚህ ያልቃል፤ የቀረው ሒሳብ ነው።

የመስታወት ክፍል ከብርድ አገር የመጣ ነው። የአውሮፓ መኳንንት መጀመሪያ የሠሩት ለራሳቸው መቀመጫ አልነበረም፤ ክረምቱ የሚገድልባቸውን የብርቱካን ዛፍ ለማዳን ነው። በ1851 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ ለዓለም ኤግዚቢሽን የቆመውን፣ ወደ 300,000 የሚጠጋ መስታወት የፈጀውን ክሪስታል ፓላስ የነደፈው ጆሴፍ ፓክስተን አትክልተኛ ነበር፤ ሙያውን የተማረው ለተክል የሙቀት ቤት ሲሠራ ነው። እኛም ዘንድ ባቱ ላይ ጽጌረዳው በላስቲክ ቤት ይበቅላል፤ ለአበባው እንኳ ቀን ቀን ጎን ጎኑ ተከፍቶ ነፋስ ይገባለታል። አዲስ አበባ ቦሌ መንገድ ላይ በመስታወት የተለበዱት ፎቆች ግን መብራት በጠፋ ቁጥር የሚከፈት መስኮት ያስፈልጋቸዋል። ፊታቸው ሲጠረግ ደግሞ በገመድ የተንጠለጠለ ወጣት ይታያል፤ ያንን ፎቅ ፎቶ የሚያነሣ ሰው ልጁ እስኪወርድ ይጠብቃል።

በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ዓረቢያ ከ150,000 የሚበልጡ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ ከተመላሾቹ ብዙዎቹ የወሎ ልጆች ነበሩ። ሻንጣቸው ቀላል ነበር፤ የላኩት ብር ቀድሞ ብሎኬትና ቆርቆሮ ሆኗል። ከኮምቦልቻ እስከ ከሚሴ በመንገዱ ግራና ቀኝ የሚታየው አዲስ ቤት ስንቱ በማን ጉልበት እንደቆመ ያገሩ ሰው ያውቀዋል።

መስታወት የግድ ነው ለሚል የቆላ ሰው የሚነገረውን የደሴው ሠራተኛ ያውቃል። ፀሐይ በአናታችን በምታልፍበት በዚህ አገር ፈተናው የጠዋትና የማታ ፀሐይ ነውና ምሥራቅንና ምዕራብን ትቶ በሰሜንና በደቡብ መግጠም ይሻላል። ክዳኑ አልፎ ወጥቶ ጥላ ይጣል። ከላይም ከታችም የሚከፈት ይኑረው፤ ሙቀት በላይ ሲወጣ ቀዝቃዛው በታች ይገባል። የሚከፈተው ሁሉ ወንፊት ይመታበት፤ ጨፋ የወባ አገር ነው። ወንፊቱ ከመስታወቱ በብዙ ይረክሳል፤ ሚስትየዋ መጀመሪያ የጠየቀችውም እሱን ነበር።